ካሴታችን ዓድዋን አላሸነፈም

ዘጠናዎቹ የሚባሉት ዓመታት ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ አንዴ ለፈረንጅ፣ አንዴ ለእኛ። ፈረንጅ የራሱን ጨርሶ፣ «ሁለት ሺህ ሊገባ ነው፣ ኮምፒውተር ሁሉ ሊያብድ ነው» እያለ ሲርበተበት አድሮ በጃንዋሪ አንድ ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ቀኑ ታኅሣሥ 22፣ ዓመቱም 1992 ነበር። ሰው በቆሎውን ይፈለፍላል። በሰፈራችን የሚያብድ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ሌላ የሚያብድ ባይጠፋም።

ስለዚህ አንድ ሰው «የዘጠናዎቹ ሙዚቃ» ብሎ ወሬ ሲጀምር፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የማን ዘጠናዎች እንደሆኑ ነው። የፈረንጆቹ ከሆኑ ነገሩ በጊታር ነው የሚጀምረው። እነሱ ደግሞ አንድ የምቀናበት ልማድ አላቸው፤ የወጣትነታቸውን አልበም አይረሱም፣ ዕድሜውን ይቆጥሩለታል፣ ልደቱን ያከብሩለታል። የሮክ ቡድኑ የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» 30 ዓመት ሞላው ተብሎ በፈረንጅ 2021 አዲስ እትም ወጥቶለታል። ያ አልበም መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው በእኛ መስከረም 1984 ነው። ደርግ ከወደቀ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። የሲያትል ልጆች ጊታር ሲሰብሩ የእኛ ሰው ጆሮውን ራዲዮ ላይ ለጥፎ ማን ምን ላይ እንደተሾመ ነበር የሚያዳምጠው። ጩኸቱ አልደረሰንም ማለት ይቻላል፤ የራሳችን በቂ ነበር።

የእኛ ዘጠናዎች ግን የራሳቸው አልበም አላቸው። እኔ «የዘጠናዎቹ ሮክ አልበሜ የጂጂ ነው» ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ጂጂ፣ ማለትም እጅጋየሁ ሽባባው፣ የቻግኒ ልጅ ናት፤ ቻግኒና ሮክን ምን አገናኛቸው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ያገናኛቸው ሰው ቢል ላስዌል ይባላል። አሜሪካዊ ነው፣ ባስ ጊታር ይጫወታል፣ ከዚያም በላይ የሌሎችን አልበም በማዘጋጀት ይታወቃል። በፈረንጅ 1983 የሄርቢ ሃንኮክን «ሮኪት» ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። በ1986 የሞተርሄድን፣ በ1989 የራሞንስን አልበም አዘጋጅቷል። ሞተርሄድ የእንግሊዝ የሮክ ቡድን ነበር፤ ድምፁን ማወቅ የፈለገ ሰው የአባይ በረሃን ዳገት ጭነት ከሞላ አይሱዙ ኋላ ሆኖ ይውጣው። እንግዲህ ያንን ድምፅ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው የቻግኒዋን ልጅ ፊቱ አስቀምጦ «እስኪ ዝፈኚ» ያላት። በኋላም አገባት፤ እሱ የቤተሰባቸው ጉዳይ ነው።

አልበሙ የወጣው በፈረንጅ 2001፣ በእኛ 93 እና 94 በሚገናኙበት ጊዜ ነው። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ የተባለ ድርጅት ሲሆን ባለቤቱ ክሪስ ብላክዌል ነበር፤ ቦብ ማርሌይን ከጃማይካ አንሥቶ ለዓለም ያደረሰው የአይላንድ ሪከርድስ መሥራች። አልበሙ ላይ የተጻፈው ስም «ጂጂ» ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ጉራማይሌ» ነው የሚባለው። በዚያው ሰሞን የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ወጥቶ አገሩን ሁሉ ይዞት ስለነበር፣ ወጣቱ ሁለት ጎራ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ለ«አቡጊዳ» ነበር የሚያደላው። ሠርግ ቤት ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ ጎጃም እስክስታ መምታት ሲፈልግ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው እያሉለት ኒውዮርክ ድረስ አይሄድም።

እኛ ቤት ካሴቱ የገባው በታላቅ ወንድሜ በኩል ነው። ባሕር ዳር ይማር ነበር። ዋናውን ካሴት የገዛው ግን እሱ አይደለም፤ የገዛውን ሰው የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ከገዛው ሰው ጓደኛው ቀዳ፣ ከጓደኛው የክፍል ተማሪ ቀዳ፣ ከእሱ ወንድሜ ተውሶ ለእረፍት ይዞት መጣ። እኛም ቤት ሊቀዳ ሆነ። ሁለት ቴፕ ነበረን፤ አንዱ የእኛ ናሽናል፣ ሌላው ከጎረቤት የተለመነ። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ ግን አልነበረም። ወንድሜ ቴፖቹን ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አግጥሞ አንዱን አስዘፈነ፣ ሌላውን አስቀረጸ። በሩን ዘጋ። «ማንም እንዳይተነፍስ» ብሎ አወጀ። እኛ ልጆች ትንፋሻችንን ይዘን ተቀመጥን።

አዋጁን ያልሰሙ ሁለት ነበሩ፤ አውራ ዶሮው እና እናቴ።

ዶሮው «መንገደኛ» መሀል ላይ ገባ። ጥሩ ቦታ ነው የመረጠው፣ ምቱን አልሳተም። እናቴ ደግሞ የመጀመሪያው ዘፈን «ጉድ ፈላ» ሊያልቅ ሲል ከጓዳ ሆና «ቡናው ፈላ፣ ኑ!» አለች። ወንድሜ ፀጉሩን ነጨ። እንደገና እንዳይጀምር ድንጋዩ አይበቃውም፤ የቴፕ ድንጋይ ያን ጊዜ ስድስት ነበር የሚጎርሰው፣ ስድስት ድንጋይ ማለት ደግሞ የዋዛ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ እንዳለ ቀረ። እኛ ቤት «ጉድ ፈላ» በእናቴ ድምፅ ነው የሚያልቀው።

ካሴቱም አዲስ አልነበረም። የአክስቴ ሠርግ የተቀዳበት ነበር፤ በላዩ ላይ ነው የተቀዳው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ክፍተት ሠርጉ ብቅ ይላል። «አይናማ» ካለቀ በኋላ ድንቅ እልልታ አለ። አንድ ሽማግሌም «ሙሽራው ይግባ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ። ከሠርጉ የቀረልን ይህ ብቻ ነው፤ ፎቶው ጠፍቷል፣ አክስቴም ሙሽራውን ፈትታዋለች።

ትልቁ ጉዳት ግን የደረሰው በዓድዋ ላይ ነው። ቀጂው፣ ከወንድሜ በፊት የነበረው ይሁን ከዚያም በፊት የነበረው፣ «ዓድዋ» የሚለውን ዘፈን መጨረሻ ላይ አድርጎት ካሴቱ አልበቃውም። ጂጂ ስለዚያ ትውልድ በዚያ በቀዘቀዘ፣ በማይቸኩል ድምፅዋ እየዘፈነች፣ ነገሩ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ቀጭ! ቁልፉ ይዘላል። ጦርነቱ ሳያልቅ ካሴቱ አለቀ። በእኛ ቤት ቆጠራ ምኒልክ ለዓመታት ሙሉ ከመቀሌ አላለፉም።

ይህ ካሴት አንድ ዓመት ለየካቲት 23 ትምህርት ቤት ተጠርቶ ሄደ። ተማሪው በሜዳው ተሰልፏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ የቴፑ አፍ ላይ የድምፅ ማጉያው ማይክሮፎን ተደቅኗል። ዘፈኑ ጀመረ፣ ሰዉ ጸጥ አለ፣ አንዳንድ መምህራን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀጭ። እኔና ወንድሜ ብቻ ነን የሚመጣውን የምናውቀው፤ አንገታችንን ደፍተናል። ቴፑ አጠገብ የቆሙት መምህር ሁኔታውን ለአፍታ አጤኑት። ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው አዞሩና «እንግዲህ የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ አሸንፈናል!» ብለው ጭብጨባውን አስጀመሩ። የታሪክ መምህር አልነበሩም፣ የሒሳብ ነበሩ።

ገጠር የወሰድኩት ጊዜ ደግሞ አለ። አጎቴ ከላህ ወንዝ ማዶ ነው የሚኖረው። ከብት ጠባቂ ሆኖ ያደገ፣ በዋሽንት አገር ያወቀው ሰው ነው። ወንድሜ «ባለዋሽንቱ» የሚለውን ሊያሰማው ቋምጦ ነበር። ክረምት ነበርና ድንጋዩ ሌሊት በርዶት ስለነበር መጀመሪያ ምድጃ ዳር አስቀምጠን አሞቅነው፤ አንዱን ደግሞ ወንድሜ በጥርሱ ነክሶ አበረታው። ይህ ሳይንስ ነው፣ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል፤ ትውልዱ ሁሉ ጥርሱ ላይ ምልክት አለው።

አጎቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ። ሲያልቅ «ልጅቱ ጎበዝ ናት» አለ። ቆይቶ «ግን ከኋላ በርበሬ የሚወቅጠው ማነው?» አለ።

ባሱን ነው። ላስዌልን።

«ኧረ አጎቴ፣ እሱ ጊታር ነው» ብንለው አልተቀበለንም። ቡሬም ሆነ ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ሙቀጫ ድምፅ ላይ አይሳሳትም። «ጎረቤት እየወቀጠ ከሆነ ቀስ በል ማለት ነበረባቸው፤ ሰው ዘፈን እየቀዳ» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እኔ በዚህ ፍርድ ለብዙ ጊዜ ስስቅ ኖሬ አሁን ደግሜ ስሰማው አጎቴ የማይናቅ ሐያሲ መሆኑ ገባኝ። አልበሙ ሲወጣ አገር ውስጥ የተነሣው ክርክር በሞላ የእሱ ጥያቄ ነበር። አንዱ ወገን «የእኛን ዜማ ፈረንጅ አበላሸው» ይላል፣ ሌላው «ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ አንመለስም» ይላል። ሁለቱም ከኋላ ስለሚወቀጠው ነገር ነው የሚከራከሩት። አጎቴ ግን ከሁለቱም አልነበረም፤ ድምፁን ወደደው፣ ሙቀጫውን ጠየቀ፣ ድንጋዩ ሳያልቅ ድገሙልኝ አለ።

አያቴ ዘንድ ችግሩ ሌላ ነበር። ለአያቴ ሰው ማለት የሰው ልጅ ማለት ነው፤ ማለትም የማን ልጅ እንደሆነ ካልታወቀ ዘፈኑም አይሰማም።

«አንተ፣ ይህች የማን ልጅ ናት?»

«የቻግኒ ናት እማማ።»

«ቻግኒ? የመተከል አውራጃ?» አሉ። በእሳቸው ዘመን ቻግኒ የመተከል አውራጃ ከተማ ነበረች፤ አዊ ዞን የሚባለውን አልለመዱትም። «እና አሁን የት ናት?»

«አሜሪካ።»

«ምን ልትሆን ሄደች?»

መልስ አልነበረንም። «ጉራማይሌ» የሚለው ዘፈን ሲጀምር ደግሞ ድዳቸውን ገለጥ አድርገው ንቅሳታቸውን አሳዩን። «እንዲህ ተነቅሳ ነው?» አሉ። ወንድሜ «አላየኋትም» አለ። «ካላየሃት ምኑን ወደድካት?» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ካሴቱን ለብዙ ዓመት ረስቼው ነበር። ሲዲ መጣ፣ ሄደ። ሚሞሪ ካርድ መጣ፤ ሱቅ ሄዶ «የጂጂን ጫንልኝ» ማለት ብቻ ሆነ፣ ልጁም ከጂጂ ጋር ሁለት መቶ የማታውቀውን ዘፋኝ አብሮ ይጭንልሃል። ከዚያ ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ ሆነና ማንም ምንም ማስቀመጥ ተወ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ነው የነቃነው። ምክንያቱንና ያስከተለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ወግ የሚሸከመው ጉዳይ አይደለም፤ እኔ የማወራው ስለ ሙዚቃው ብቻ ነው። «ሁሉ ነገር ስልኬ ላይ አለ» ሲል የነበረው ወጣት ስልኩ ላይ የቀረው የሰዓት ማንቂያው ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ አሮጌ ካሴት ያለው ሰው ባለጸጋ መሰለ። ካርቶኑን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ቴፑ ግን አልዞረም።

ንጹሑን ቅጂ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞልኝ ሲመጣ ነው። ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ተቀመጥኩ። «ጉድ ፈላ» ጀመረ፣ አለቀ፣ ቡናው አልፈላም። «መንገደኛ» ላይ ዶሮው የለም። «አይናማ» አልቆ እልልታ የለም፣ ሙሽራውም ውጭ ቀረ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱ ከበሮ ለብቻው የሚሰማ፣ የማላውቀው አልበም ነው። እናቴን ጠርቼ አሰማኋት። ጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጅዋ ይዛ የመጀመሪያውን ዘፈን በጥሞና ጨረሰች። «እኔን ለምን አወጡኝ?» አለች።

በአንድ ነገር ግን ንጹሑ ቅጂ ካሰኝ። ከሦስት ቅጂ በኋላ በእኛ ካሴት ላይ ከድምፅዋና ከሙቀጫው በቀር ብዙ አልተረፈም ነበር። አሁን ማን ማን እንደነበረ ለየሁ። ዌይን ሾርተርና ሄርቢ ሃንኮክ አሉበት፤ በስድሳዎቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የተጫወቱ ናቸው። በኋላ በፈረንጅ 2016 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ሄንሪ ትሬድጊል አለ። ሕንዳዊ ዘር ያለው ካርሽ ካሌ ታብላ ይመታል። ሃሚድ ድሬክ ከበሮ ላይ አለ። ፋሮህ ሳንደርስም ሳክስፎን ይዞ አለ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አዳራሽ ሲሞሉ የኖሩ ናቸው፤ እዚህ ግን ሁሉም ድምፃቸውን ቀንሰው የቻግኒዋን ልጅ ነው የሚያዳምጡት።

ይህን ዝርዝር የሰፈራችን መሪጌታ ዘንድ ወስጄ ነበር። «ካህን» የሚለውን ዘፈን ሊሰሙልኝ ፈልጌ ነው። ጂጂ ልጅ ሳለች ቤታቸው ከሚመጣ ቄስ ዜማ ትማር እንደነበር ስለሚነገር፣ በቅኔ አገር ያደጉ፣ ግእዝ ዕዝል አራራይ በጆሯቸው የሚለዩ ሰው ምን እንደሚሉ ማወቅ ነበረብኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ሰሙ። «ደጀ ሰላም ላይ ቆማ የሰማች ልጅ ናት፤ ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም» አሉ። እኔ በዚህ ደስ ብሎኝ የተጫዋቾቹን ስም ማንበብ ስጀምር አንዱ ላይ አስቆሙኝ።

«ማን አልከኝ?»

«ፋሮህ። ፈርዖን እንደማለት ነው መሪጌታ፤ ጥሩንባ ነፊ ነው።»

«ያኛው ባሕር ውስጥ ቀርቷል፤ ይህ ከየት ወጣ?»

«ከአሜሪካ።»

ትንሽ አሰቡ። «መልካም። ፈርዖን ለአባይ አገር ልጅ ጥሩንባ ከነፋ፣ ልቡ ለስልሷል ማለት ነው» አሉና መቋሚያቸውን አነሱ።

የአባይ ነገር ከተነሣ ላይቀር፣ በዚህ አልበም ላይ ከሁሉ በላይ ዕድሜ ያገኘው «አባይ» የሚለው ዘፈን ነው። አባይ የሚነሣው ከእኛው ከምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ፣ ግሽ አባይ ነው። ከቡሬ ወደ ላይ ቲሊሊ ደርሶ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። ምንጩ ትንሽ ነች፤ ጠበል ልትጠመቅ የሄደች አክስት በጀሪካን ሞልታ የምትመለሰው ውኃ ነው። ያንን ውኃ አዲስ አበባና ካይሮ ሲጨቃጨቁበት የሚሰማ የሰከላ ገበሬ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ጂጂ «አባይ»ን ስትዘፍን ስለ ግድብ የሚያወራ ሰው አልነበረም። መጋቢት 24 ቀን 2003 የአባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ እረፍት አላገኘም፤ ቦንድ ሲሸጥ እሱ፣ ቴሌቪዥን ላይ ኮንክሪት ሲፈስ እሱ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅም እኔ በልቤ ያንኑ ነበር የማንጎራጉረው። ደግሞ ከኮሶበር ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ በቻግኒ ነው የሚያልፈው። ለዚህ የሚሆን ፍልስፍና የለኝም፣ ካርታ ላይ ያለ ነገር ነው።

ድጋሚ ስሰማው ያረጁ ቦታዎችም አግኝቻለሁ። ላስዌል የገደል ማሚቶ ይወዳል፤ አንዳንዱ ከበሮ ከተመታ በኋላ ለሚቀጥለው ፋሲካ ይደርሳል። ሁለት ሦስት ዘፈን ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ምት የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ ቀርቷል። ድምፅዋ ግን ምንም አልሆነም። «ናፈቀኝ»ን ስሰማ አሁንም ቡሬና ፍኖተ ሰላም መሀል፣ ማንኩሳን አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ዳር የሚቆሙ ልጆችና በቆሎው ናቸው የሚታዩኝ፤ እሷ ግን ያሰበችው ቻግኒን ይሆናል። ከሕዝብ ማመላለሻ ወንበር ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። ሹፌሮቹ ይህን አልበም የሚከፍቱት ማታ ማታ ነበር፤ ቀን ቀን እስክስታ፣ ሲመሽ ጂጂ። አንድ ሹፌር ምክንያቱን ሲጠየቅ «ይሁኔ ተሳፋሪውን ያነቃል፣ ጂጂ እኔን ታነቃለች» ብሏል፤ ከዚህ የተሻለ ግምገማ አላነበብኩም።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ በአማርኛ ተዘፍኖ ከዓለም ታላላቅ ሙዚቀኞች ጋር የተሠራ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ እነሱን ወደ ራሱ ያመጣ ሌላ እንዲህ ያለ አልበም አልሰማሁም። ፈረንጆቹ ለኒርቫና ልደት ሲያከብሩ እኛ ለዚህ አንድ ድፎ ዳቦ መቁረስ ነበረብን። ቻግኒ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ደህና ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። ሙሉውን ዓድዋ የያዘውን ፍላሽ እኔ አመጣለሁ።

እስከዚያው ቤቴ ውስጥ ያለው ችግር የናሽናሉ ቴፕ ነው። እናቴ ንጹሑን ቅጂ አልተቀበለችም፤ «እኔ ያለሁበትን አምጣ» ብላ ቆርጣለች። የቴፑ ሞተር ደህና ነው፣ ራሱንም በአልኮል ጠርገነዋል፣ ካሴቱንም በእስክርቢቶ አጥንጥነን አስተካክለነዋል። ውስጡ ያለችው፣ ከሞተሩ ወደ መዘውሩ የምትዞረው ቀጭን ጥቁር ላስቲክ ናት የተበጠሰችው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ አስገብተን ሞክረናል፤ ቴፑ እየተንቀራፈፈ ጂጂ በወፍራም የወንድ ድምፅ ዘፈነች፣ እናቴም «ቡናው ፈላ» ስትል አባቴን መሰለች። ፍኖተ ሰላም፣ ጂጋ፣ ማንኩሳ ወይም ቡሬ ውስጥ የተበላሸ የድሮ ናሽናል ቴፕ ቤቱ ያለ ሰው ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ላስቲኳን ብቻ ነው የምፈልገው፤ በዋጋ አንጣላም።